ጥራዝና ቅጂ፦ ከሐይቅ ብራና እስከ ዲስክ ክምችት

ጥራዝ በብራና ሥራ፣ ተፍቆና ተስተካክሎ የተቆረጠ ቆዳ ከመሐሉ እየታጠፈ፣ አራት ወይም አምስት እጥፍ ሆኖ የሚደራረብበት የመጽሐፍ ክፍል ነው። አንድ ጥራዝ ብዙውን ጊዜ ስምንት ወይም ዐሥር ቅጠል ይወጣዋል። ጥራዞቹ ተሰፍተው በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል ሲገቡና በቆዳ ሲደጎሱ መጽሐፍ ይሆናሉ። መጽሐፉ አንዴ ከተደጎሰ በኋላ መሐሉ ላይ ቅጠል ለመጨመር ስፌቱን መፍታት ግድ ነው። ስለዚህ ቁም ጸሐፊው ድርሰቱ ስንት ቅጠል እንደሚፈጅ ቀድሞ መገመት ነበረበት፤ ቢያንሰው ይቸገራል፣ ቢተርፈው ባዶ ብራና ይቀራል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች በዲስክ ላይ የሚከፈለውን የማከማቻ ክፍል ቮልዩም ሲሉት የመረጡት ቃል ጥራዝ ማለት ነው። ከቃሉ ጋር ችግሩም አብሮ መጣ፤ ምን ያህል ቦታ መመደብ እንደሚገባ፣ የያዘው ዕቃ ሲበላሽ ጽሑፉ እንዴት እንደሚተርፍ።

በወሎ የሁለተኛው ጥያቄ ታሪክ ረጅም ነው። ከሐብሩ ወረዳ፣ ከግራናና ከመርሳ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ይደርሳል። እዚያ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ታላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ ሆነ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ያጻፉት ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ነው፤ የተጻፉበት ዓመት በርግጥ ከሚታወቅ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ወንጌል በየደብሩ ወንጌለ ወርቅ ይባላል፤ አገልግሎቱም ከንባብ ያልፋል። የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳትና የመጻሕፍት ዝርዝር፣ የስምምነት ቃል፣ ሁሉም በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይሰፍር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማንም ሰው ወንጌል ሊፍቅ ወይም ሊያቃጥል አይደፍርም ተብሎ ይታመናል። የደብሩ መዝገብ ቤት ወንጌሉ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ አሠራር መዝገቡን ከአጭበርባሪ እጅ በደንብ ይጠብቀዋል። ከእሳት፣ ከውሃና ከዘራፊ ግን አይጠብቀውም፤ የጉልቱ ቃል የተጻፈው ብዙውን ጊዜ በዚያ አንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነውና።

የዳዊት፣ የወንጌል፣ የድርሳናት ንባብ ዕጣ ከጉልቱ ቃል የተለየ ነው። እነዚህ በየደብሩና በየሰዉ ቤት ተገልብጠዋል፤ አንዱ ቢጠፋ ከሌላው ይቀዳል። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድም ልማዱ ይኸው ነው። በየጁ ባለው በዳና፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ባረፉት በሼህ አሕመድ ቢን አደም ስም የሚታወቀው የትምህርት ቦታ፣ ከሩቅም ከቅርብም ደረሶች ይመጡበት ነበር። ደረሳው የሚቀራውን ኪታብ በእጁ ይገለብጣል፤ ሲጨርስ ቅጂውን ይዞ ወደ አገሩ ይሄዳል። ቁርኣኑን በቃሉ የያዘ ሐፊዝ ደግሞ ከወረቀቱ ሌላ ቅጂ ነው። የድጓ መምህርም እንዲሁ፤ መጽሐፉ ቢቃጠል ዜማው በመምህሩ አፍና በተማሪዎቹ ጆሮ ይቆያል። መጽሐፍ በብዙ ቦታና በብዙ ዓይነት ዕቃ ላይ መቀመጡ ማንም በዐዋጅ ያወጣው ደንብ አልነበረም፤ ትምህርቱ ራሱ ያመጣው ነው።

ሁሉን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ምን እንደሚያስከትል ያሳየው ከዚያው ከወሎ አምባዎች አንዱ፣ መቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት እጅግ ብዙ መጻሕፍት ወደ አምባው አስመጡ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ አምባውም ከማንኛውም ግምጃ ቤት የጠነከረ ይመስል ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ግን የአንድ ትውልድ ክምችት በአንድ ቀን ከእጅ ወጣ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም ለሐራጅ ቀረበ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ፤ ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1872 አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። በሌላ ደብር ቅጂ የነበረው ድርሰት ከነጽሑፉ አልጠፋም። በኅዳግ ላይ ብቻ የተጻፈው የጎንደር አድባራት የርስትና የጉልት ቃል ግን ከመጽሐፉ ጋር ባሕር ተሻገረ።

የአገሪቱን መጻሕፍት ከቦታቸው ሳያነሡ ቅጂያቸውን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ የመውሰድ ትልቁ ሥራ የተጀመረው ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በአቡነ ቴዎፍሎስ ፈቃድና ድጋፍ፣ በሚኒሶታ ካለው የኮሌጅቪል ሴንት ጆንስ የብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ይባላል። ከ8,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል፤ ሥራው አብዮቱን፣ ድርቁንና ጦርነቱን ተሻግሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀ። የሐይቁ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በዚህ ስብስብ ቁጥሩ 1832 ነው። የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ በ1936 ዓ.ም. በተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር፣ ሌላው በኮሌጅቪል ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ የሆነባቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ ሚኒሶታ ከሄዱበት ከ1976 ጀምሮ የእነዚህን ፊልሞች ዝርዝር በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ፈጽመዋል። አንድ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ የአገሩን ቤተ መጻሕፍት ቅጠል በቅጠል ማንበቡ ከኢትዮጵያ ምሁራን ታሪክ ልብ የሚነኩ ምዕራፎች አንዱ ነው።

ማይክሮፊልም ብርቱ ዕቃ ነው፤ በቀዝቃዛና በደረቅ ክፍል ከተያዘ ከሰው ዕድሜ በብዙ እጥፍ ይቆያል። ድካሙ ሲባዛ ይታያል። ከፊልም ፊልም፣ ከዚያም ሌላ ፊልም ሲወጣ ፊደሉ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ከቁም ጸሐፊ ቁም ጸሐፊ ሲገለበጥ ስሕተት እንደሚጨምረው ማለት ነው። በቁጥር የተቀመጠ ምስል ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ሺኛው ከመጀመሪያው አይለይም። ከዚህ የተነሣ ፊልሞቹ ራሳቸው በስካነር እየተነበቡ፣ ያልተነሡት መጻሕፍት ደግሞ በዲጂታል ካሜራ እየተነሡ ወደ ዲስክ ገቡ። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ 200 ቅጠል ያለው አንድ መጽሐፍ ተገልጦ ሁለት ሁለት ገጽ ሲነሣ ወደ 200 ምስል ይወጣዋል። አንዱ ጥሬ ምስል 50 ሜጋባይት ቢሆን መጽሐፉ 10 ጊጋባይት፣ ሺህ መጻሕፍት ደግሞ 10 ቴራባይት ይሆናሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ዲስክ በሚያስፈራ ፍጥነት የሚሽከረከር፣ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጥ የሚል ማሽን ነው።

የመጀመሪያው ገበያ ላይ የዋለ ሃርድ ዲስክ በአይቢኤም ራማክ ኮምፒውተር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 ወጣ። 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ ከአንድ ቶን በላይ እየመዘነ የሚይዘው አምስት ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላም የትልልቅ ኮምፒውተሮች ዲስክ ትልቅና ውድ እንደሆነ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለግል ኮምፒውተር የተሠሩ ትንንሽና ርካሽ ዲስኮች ሲበዙ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ሌላ መንገድ አቀረቡ። 7,500 ሜጋባይት የሚይዘውን ትልቁን የአይቢኤም 3380 ዲስክ ትቶ፣ 100 ሜጋባይት የሚይዙ ብዙ ትንንሽ ዲስኮችን በአንድነት ማሠራት። ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1988 በቺካጎ በተደረገ ጉባኤ ቀረበ፤ ዘዴው ሬይድ ተባለ።

የሐሳቡ ጭንቅ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ በሒሳብ ተቀምጧል። አንዱ ዲስክ በአማካይ 30,000 ሰዓት ይሠራል ቢባል፣ መቶ ዲስክ አንድ ላይ ሲሠሩ ከመካከላቸው አንዱ በአማካይ በ300 ሰዓት ውስጥ ይበላሻል፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ዲስክ በበዛ ቁጥር ብልሽትም ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ ትርፍ መረጃ አብሮ ካልተቀመጠ ብዙ ዲስክ ማሠራት ጥፋትን መጋበዝ ነው። መፍትሔዎቹ ከመሠረቱ አዲስ አልነበሩም፤ አንዱን መረጃ በሁለት ዲስክ ላይ እኩል መጻፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይሠራበት ነበር፤ የአይቢኤሙ ኬን ኡቺም የተበላሸ ዲስክን ይዘት ከሌሎቹ መልሶ ለማግኘት የሚያስችል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1978 በፓተንት አስመዝግቧል። የበርክሊዎቹ ትልቅ ሥራ ዘዴዎቹን በደረጃ አስቀምጠው ዋጋቸውንና ጥቅማቸውን ማነጻጸራቸው ነው።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ለማስተዋል የሚገባው ፓሪቲ የሚባለው ነው፤ ሙሉ ቅጂ ሳይቀመጥ የጠፋውን መመለስ ያስችላልና። ሦስት ዲስኮች እነዚህን አኃዞች ያዙ እንበል፦ የመጀመሪያው 1011፣ ሁለተኛው 0110፣ ሦስተኛው 1100። በየዓምዱ ያሉት 1ዎች ይቈጠራሉ፤ ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነ በአራተኛው ዲስክ 1፣ ሙሉ ከሆነ 0 ይጻፋል። የአራተኛው ዲስክ ጽሑፍ 0001 ይሆናል። ሁለተኛው ዲስክ ቢቃጠል የቀሩት 1011፣ 1100 እና 0001 በዚያው መንገድ ይቈጠራሉ፤ የሚወጣው 0110 ነው፣ የጠፋው ራሱ። ሦስት ዲስክ ሙሉ መረጃን ለመጠበቅ አንድ ዲስክ ብቻ በቃ። አምስተኛው የሬይድ ደረጃ ይህን ፓሪቲ በአንድ ዲስክ ከመከመር በሁሉም ላይ እያዟዟረ ያስቀምጠዋል። በኋላ የመጣው ስድስተኛው ደረጃ ሁለት የፓሪቲ ስሌት ስለሚይዝ ሁለት ዲስክ በአንድ ጊዜ ቢወድቅ ይችላል።

ልዩነቱ በእጅ ሲቈጠር ይህን ይመስላል። እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ ስድስት ዲስኮች በአምስተኛው ደረጃ 20 ቴራባይት፣ በስድስተኛው 16፣ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ሲገለበጡ ደግሞ 12 ቴራባይት ይሰጣሉ። ዲስኮች ትንንሽ በነበሩበት ዘመን አምስተኛው ደረጃ ይመረጥ ነበር። ዲስኮቹ ሲተልቁ ግን የወደቀውን ለመተካት የቀሩትን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ሰዓታትና ቀናት ይፈጃል፤ በዚያ መሐል ሌላው ቢወድቅ ሁሉም ያልቃል። ለትልልቅ ዲስኮች ስድስተኛው ደረጃ ይሻላል፤ የሚጠይቀው ተጨማሪ ዲስክ ከሚያድነው ሥራ ጋር ሲተያይ ቀላል ወጪ ነው።

ሬይድ መጽሐፉን ከብልሽት ጠበቀው፤ የጥራዙን የመጠን ችግር ግን አልፈታም። በሐብሩ ቆላ ማሽላና ጤፍ የሚያመርት ገበሬ ለየእህሉ ለየብቻ ጎተራ ቢያቆም፣ ማሽላው በያዘበት ዓመት የማሽላው ጎተራ ሞልቶ ሲፈስ የጤፉ ጎተራ በግማሹ ባዶ ሊቀመጥ ይችላል። ጎተራውን በመሐል አፍርሶ ማስፋት አይቻልም። ዲስክን በፓርቲሽን መከፋፈልም እንዲሁ ነበር። ሰርቨሩ ሲተከል ለምስሎቹ ይህን ያህል፣ ለካታሎጉ ያን ያህል ተብሎ ወሰን ይቆረጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ይጠባል፣ ሌላው ባዶውን ይተኛል። ወሰኑን ለማዛወር ሥራ ማቆም፣ ሁሉን ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ፣ እንደገና መክፈልና መመለስ ያስፈልግ ነበር።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው ሎጂካል ቮልዩም በአይቢኤም የአይክስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1990 በሰፊው ታወቀ፤ ከዚያ የኤችፒ ሥርዓትም ያዘው። ሊኑክስ ለሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የጻፈው ጀርመናዊው ሃይንትስ ማውልስሃገን ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1998 ነበር። ዛሬ የሚሠራበት ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው የሊኑክስ 2.6 ጋር ተስፋፋ። ሊኑክስ ነፃ በመሆኑ ዘዴው የትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት ሦስት ዲስክ ያለው ትምህርት ቤትም ሊጠቀምበት ቻለ። እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይህ ነው።

አሠራሩ ለብራና ጠራዥ እንግዳ አይሆንም። እያንዳንዱ ዲስክ ወይም የሬይድ ስብስብ ፊዚካል ቮልዩም ተብሎ ይመዘገባል፤ በውስጡ ያለው ቦታም እኩል እኩል ወደሆኑ ቅጠሎች ይቆረጣል። ቅጠሉ ኤክስቴንት ይባላል፣ ካልተቀየረ በቀር በሊኑክስ 4 ሜጋባይት ነው። የሁሉም ዲስኮች ቅጠሎች ቮልዩም ግሩፕ በሚባል አንድ ክምር ይገባሉ። ከክምሩ የሚፈለገው ያህል ቅጠል ተወስዶ ሎጂካል ቮልዩም ይጠረዛል። ስፌቱ በክር ስላልሆነ፣ የትኛው ቅጠል የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ በሚናገር ሠንጠረዥ ስለሆነ፣ ጥራዙ ሳይፈታ ቅጠል ይጨመርለታል። አንባቢው መጽሐፉን ሲገልጥ ቅጠሎቹ በተርታ ያሉ ይመስሉታል፤ እውነቱ ግን ከየዲስኩ የመጡ ናቸው።

በስድስተኛው ደረጃ የተሠራው የ16 ቴራባይት ስብስብ ከላይ ባለው ምሳሌ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ቢውል፣ አስተዋይ ባለሙያ ሁሉን በአንድ ቀን አይከፍለውም። ለምስሎች 8 ቴራባይት፣ ለካታሎግ ግማሽ ቴራባይት ሰጥቶ የቀረውን በክምሩ ሳይመደብ ይተወዋል። ምስሎቹ ሲሞሉ አንባቢዎች እየሠሩ ሳለ ወደ 10 ቴራባይት ያሳድገዋል። ያም ሲያልቅ ሁለተኛ የሬይድ ስብስብ ገዝቶ ወደዚያው ክምር ያስገባዋል፤ አሮጌዎቹ ዲስኮች የሚወጡበት ጊዜ ሲደርስም ቅጠሎቹን ሥራ ሳያቆም ወደ አዲሶቹ ያዛውራል። መጽሐፉ ሳይዘጋ ብራናው ከሥሩ ይለወጣል።

በዚህ ሥራ ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፤ ከሥር ሬይድ፣ ከላይ ሎጂካል ቮልዩም። ፓሪቲ ወይም መንትያ ሳይኖር ዲስኮችን በቮልዩም ግሩፕ ብቻ ማቀላቀል ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ የአንዱ ጥራዝ ቅጠሎች በብዙ ዲስክ ስለተበተኑ አንዱ ዲስክ ሲወድቅ ጥራዙ በሙሉ ይበላሻል። ስናፕሾት የሚባለውም በትክክል መታወቅ አለበት። ቮልዩሙ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን መልክ ይዞ ያቆያል፣ በስሕተት የተሰረዘን ፋይል ለመመለስም ይረዳል፤ ግን ያልተለወጡትን ቅጠሎች ከዋናው ጋር ስለሚጋራ ዋናው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ሌላ ጠንቅ አለ። መረጃው ተጽፎ ፓሪቲው ሳይጻፍ ኃይል ቢቋረጥ ሁለቱ አይስማሙም፤ ይህ የሚታወቀው ዲስክ በሚወድቅበት ቀን ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጠው ዩፒኤስ ለሰርቨር የቅንጦት ዕቃ ያልሆነው ለዚህ ነው። ስብስቡን በየወሩ ከዳር እስከ ዳር አስነብቦ ማመሳከርም ልማድ መሆን ይገባዋል፤ የቀድሞ ጸሐፊዎች የገለበጡትን ከእናቱ ጋር ያስተያዩ እንደነበረው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና ሐብሩን ጨምሮ አብዛኛው ሰሜን ወሎ በጦርነት ሥር ሲወድቅ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋረጠ፤ የሕዝብ መገልገያ ተቋማትም ተዘረፉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሬይድ ምንም አያደርግም። ስድስቱ ዲስኮች በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ሣጥኑን ያነሣ ስድስቱንም አነሣ። የፓሪቲው ስሌት አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ይመልሳል እንጂ የተወሰደን ክፍል አይመልስም። የመቅደላም ክምችት በአንድ ቀን የጠፋው ሁሉም በአንድ አምባ ላይ ስለነበር ነው።

ሬይድ የዲስክን ብልሽት፣ ሎጂካል ቮልዩም የቦታን ጥበት ይፈታሉ፤ የእሳትን፣ የጎርፍንና የዘረፋን ጉዳይ የሚፈታው በሌላ ከተማ ያለ ሌላ ቅጂ ብቻ ነው። የማይክሮፊልሙ ሥራ መሪዎች አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ኮሌጅቪል ሲያደርጉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በግራና፣ በመርሳም ሆነ በወልድያ የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ መዝገብ በኮምፒውተር የምትጠብቁ ሁሉ፣ አንዱን ቅጂ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ከተማ ላኩት፤ በወር አንድ ጊዜም ከዚያ ከፍታችሁ አንብቡት።